የታሪክ በሮች በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ለጋራ ማመልከቻችን የዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ በከተማችን አደባባይ በቬተራንስ ፕላዛ ልናቆመው ስላሰብነው የሥነ ጥበብ ሥራ ለካውንቲው የምናስገባውን ማመልከቻ ጀምሬዋለሁ። የተነሣሁት የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ ካንዲ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኦርሊንስ ከሠራችው ነው። የምትወደውን ሰው በሞት ካጣች በኋላ የአንድ ባዶ ቤት ግድግዳ የጥቁር ሰሌዳ ቀለም ቀብታ፣ «ከመሞቴ በፊት» ብሎ የሚጀምር ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ደጋግማ ጻፈችበት፤ ጠመኔም አኖረች። በማግስቱ ግድግዳው በመንገደኞች ጽሑፍ ሞልቶ ነበር። እኛም ረጅም ሰሌዳ አቁመን ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ እንጠይቅ እላለሁ።

ከሰዓሊዋ፦
ሥራውን እወደዋለሁ፤ እንዳለ መቅዳቱን ግን እቃወማለሁ። የእኛን ሰው በአደባባይ ስለ ሞትህ ጻፍ ብትለው «አታሟርቱብኝ» ብሎ ያልፋል። ገበናውንም ጎረቤቱ በሚያልፍበት ቦታ አይዘረግፍም። ሌላ ምሳሌ እዚሁ ካውንቲያችን ውስጥ አለ። የጀርመንታውኑ ፍራንክ ዋረን በ2004 ሦስት ሺህ ፖስት ካርድ አሳትሞ በዋሽንግተን ለማያውቃቸው ሰዎች አደለ፤ ለማንም ያልነገሩትን ምሥጢር ስማቸውን ሳይገልጹ እንዲልኩለት ጠየቀ። እነዚያ ካለቁ በኋላም ሰዎች በራሳቸው ካርድ መላክ ቀጠሉ። ስለዚህ በግድግዳ ፋንታ ያገለገሉ የእንጨት በሮችን እናቁም። ገጻቸውን የሰሌዳ ቀለም እቀባለሁ፤ በጠመኔ የሚጽፍ ይጽፍበታል። መካከላቸው ላይ የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ይኑር፤ ሰው እንዲያይበት የማይፈልግ ካርዱን ጽፎ በዚያ ይክተት።

ከአንጋፋው አባል፦
በሩ ደስ ብሎኛል፣ ልጄ። ጥያቄው ግን ገና ነው። በመጀመሪያ ቀን ምሥጢርህን አምጣ የሚል ሰው ያስፈራል። ሰው የተደረገለትን ውለታ ሲናገር ግን አይሳቀቅም። «እዚህ አካባቢ ሲመጡ መጀመሪያ በር የከፈተልዎ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከኤል ሳልቫዶር የመጣውም፣ ከሌላ ግዛት የመጣው አሜሪካዊም መልስ አለው። እኔን የተቀበለኝ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ አልጋውን ለእኔ ለቅቆ እርሱ ወለል ላይ ይተኛ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። አሁን ዓይኔም እጄም ለመጻፍ ደክሟል። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች እንደሚቀመጡት፣ ወጣቶቻችን ጠረጴዛ ይዘው የምንነግራቸውን ይጻፉልን።

ከወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ፣ ጠረጴዛውን እኛ እንይዛለን። ችግሩ ብዙዎቻችን አማርኛ ሰምተን እንረዳለን እንጂ ፊደሉን አንጽፍም። ከሚጽፍ አባል ጋር ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጥ፤ ያኔ ሥራው ለእኛም ትምህርት ይሆናል። ድምፅስ ለምን አንቀዳም? በ2003 በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ የተጀመረው ስቶሪኮርፕስ የተባለ ድርጅት ሁለት ሁለት ሰዎችን አርባ ደቂቃ ያህል እያነጋገረ ይቀዳል፤ ቅጂዎቹም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ።

ከገንዘብ ያዧ፦
አርባ ደቂቃ ከአላፊ አግዳሚ አይጠየቅም። ድምፅ ደግሞ ማንነትን ያጋልጣል። አንድ ሰው በቅንነት ያስጠጋውን ሰው ስም ቢናገር፣ ያ ባለውለታ የመኖሪያ ፈቃዱ ያላለቀለት ሊሆን ይችላል። ውለታ ከፋይ መስለን ሰው እንዳንጎዳ እፈራለሁ። ስም፣ አድራሻና የፊት ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይኑር። ከወጪው የሚያሳስበኝ የመድን ዋስትናው ነው፤ በአደባባይ ላይ ከባድ በር ስናቆም ቢወድቅ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። በሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በማጠፊያ ይያያዙ፣ እግራቸውም በአሸዋ ከረጢት ይያዝ። ጊዜውም ከብርዱ ወራት በፊት ይሁን።

ከሰዓሊዋ፦
በማጠፊያው እስማማለሁ። በጠመኔ የተጻፈውን ግን ማንም እንዳያጠፋ። ዝናብ ቢያጠፋው ይሻላል።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦
በዚህ አንድ ነገር ላይ እህቴን አልከተልም። በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ስድብ ከተጻፈ ተረኛው ወዲያው ያጠፋዋል፤ እናቶቻችን በዚያ በኩል ያልፋሉ። ከዚያ በቀር ማንም አይነካውም።

የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦ «በመስከረም፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በቬተራንስ ፕላዛ ስድስት በሮች እናቆማለን። መንገደኛው የጋሼን ጥያቄ በፈለገው ቋንቋ ይመልሳል፤ በጠመኔ፣ በካርድ ወይም ለወጣት ጸሐፊ በመንገር። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ‹ይነበብልኝ› እና ‹አይነበብብኝ› የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይኖራሉ። እንዳይነበብ የተባለው ሳይነበብ ይቃጠላል።»

ጥያቄው በሮቹ ላይ በየትኞቹ ቋንቋዎች ይጻፍ የሚለው አልተቋጨም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ እንግሊዝኛና ስፓንኛን አስቤአለሁ፤ የቀረ ካለ ጠቁሙኝ። ሰዓሊዋ ንድፉን፣ ገንዘብ ያዧ የመድኑን ዋጋ እስከ እሑድ ያምጡልኝ።