ከቴዲ አፍሮ አልበሞች አንደኛው የቱ ነው? እኔ ያስተሰርያል ነው ባይ ነኝ

የአቡጊዳ ልጅ፦
እስኪ ዛሬ ይሄን ነገር በግልጽ እንከራከርበት። የቴዲ ምርጥ አልበም የቱ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ዘሎ ጥቁር ሰው ይላል፣ ለምን ስትለው ደግሞ ስለ ዓድዋ ያወራልሃል እንጂ ስለ አልበሙ አንድ ነገር አይልህም። እኔ ከመጀመሪያው ካሴት ጀምሮ አንድም ሳያመልጠኝ የሰማሁ ሰው ነኝና ደረጃዬ ይሄ ነው፦ ያስተሰርያል (1997) አንደኛ፣ ኢትዮጵያ (2009) ሁለተኛ፣ አቡጊዳ ሦስተኛ፣ ጥቁር ሰው (2004) መጨረሻ። አዎ መጨረሻ። ዘፈኑን ማለቴ አይደለም፣ ጥቁር ሰው የሚለው ዘፈን ለብቻው ከሆነ ምናልባት ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ነው፣ እኔ የማወራው ቁጭ ብለህ ካንደኛው እስከ መጨረሻው ስለምትሰማው አልበም ነው። ያስተሰርያልን እዩት፣ ጃ ያስተሰርያል አለ፣ ንጉሡ ሄደ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ ሌላ መጣ፣ ይቅር ካልተባባልን ግን ምንም አይለወጥም የሚል ዘፈን፣ በዛ በምርጫው ዓመት ምን እንዳደረገ የነበረ ያውቃል፣ በመንግስት ሬዲዮ አይሰማም፣ ታክሲው ውስጥ ግን እሱ ነው የሚዘፈነው። እዛው ካሴት ላይ ደግሞ ላምባዲና አለ፣ ሸመንደፈር አለ፣ ዳህላክ አለ፣ ለቦብ ማርሌ የሠራው አለ። ፖለቲካው ፍቅሩን አልዋጠውም። ጥቁር ሰው ላይ ግን አንዱ ዘፈን ሌሎቹን በሙሉ ዋጣቸው።

ሳሚ ከዲሲ፦
ወንድሜ በጣም ነው የማከብርህ ግን እዚህ ጋ አልስማማም። መጨረሻ?? ፊዮሪና፣ ስለ ፍቅር፣ ደስ የሚል ስቃይ ያሉበትን አልበም? ሰው አልሰማቸውም ማለት እኮ አልበሙ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እዚህ አሜሪካ የተወለዱ ልጆች የካቲት 23 ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም ከሱ ዘፈንና ከክሊፑ ነው። የኔ ልጆች አማርኛ በደንብ አይናገሩም፣ ጥቁር ሰው ሲከፈት ግን ይነሳሉ፣ ጣይቱ ማናት ባልቻ ማነው ብለው ይጠይቁኛል። አንድ አልበም ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልገው?

ቦንቱ፦
እኔ የቴዲን ድምፅ እወዳለሁ፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ወዲያው ጠላት ያደርጉሃል። ዓድዋ ላይ የኦሮሞ ፈረሰኛ ደም ፈሷል፣ በ1888 የተገኘው ድል የኔም ነው፣ ማንም አይሰጠኝም ማንም አይነጥቀኝም። ግን አርሲ ያደገ ሰው ምኒልክ ሲባል ከዓድዋ በፊት የሚመጣበት አኖሌ ነው፣ በምኒልክ ዘመቻ የአርሲ ኦሮሞ እጅና ጡት ተቆረጠ የሚባልበት ቦታ፣ አያቶቻችን ሲያወሩት እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሳሚ ልጆችህ ሲነሱ ደስ ይለኛል፣ የኔ ቤት ውስጥ ግን ያ ዘፈን ሲከፈት አባቴ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አገር የሚያክል ዘፋኝ ነው ካልን ደግሞ የአባቴም ዘፋኝ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

የአቡጊዳ ልጅ፦
ቦንቱ እህቴ ስላወራሽው አመሰግናለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልሽም። ዘፈኑ ስለ አንድ ጦርነት ነው፣ ነጭ ወራሪ ስለተሸነፈበት ጦርነት፣ የንጉሡ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ዓድዋን ዘፍነህ ምኒልክን ልትዘለው አትችልም። የአባትሽን ሀዘን ግን ማንም ሊክደው አይገባም፣ እኔም አልክድም። ያኔ የሆነውን ታስታውሻለሽ፣ በ2006 በደሌ ቢራ ስፖንሰር ሊያደርገው የነበረው የፍቅር ጉዞ ኮንሰርት ስለ ምኒልክ ጦርነት ተናገረ በተባለ ቃል የተነሳ የቦይኮት ዘመቻ ተነስቶበት ቀረ፣ እሱ ደግሞ አልተናገርኩም ብሏል። እኔን ያቃጠለኝ ምን መሰለሽ፣ ወዳጁም ጠላቱም ስለ አንድ ዘፈን ሲጣላ ፊዮሪናን ያነሳ ሰው አልነበረም። ከኤርትራ ጋር በር ተዘግቶ ባለበት ሰዓት እንደዛ ያለ ዘፈን ሠርቶ! ዕርቁ የመጣው በ2010 ነው፣ እሱ የኤርትራን ደሴት ዳህላክን ያዜመው ደግሞ በ1997።

ታዴ ካሴት ቤት፦
ልጆች እኔም ልግባ። ፒያሳ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያስተሰርያል የወጣ ሰሞን ሰው የሚሰማው ካሴት ነበር፣ ካሴት ደግሞ መዝለል አይመችም፣ እያጠነጠንክ ቦታውን መፈለግ አለብህ፣ ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ሁሉንም ይሰማል፣ ሳይድ ኤ ሲያልቅ ይገለብጠዋል። ጥቁር ሰው በፋሲካ ሰሞን ሲወጣ ሰዉ ሲዲ ገዝቶ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ በፍላሽ የሚወደውን ብቻ ይወስድ ነበር። አንዱ ዘፈን ሌላውን ዋጠ ያልከው የዘፋኙ ጥፋት ሳይሆን የአሰማማችን ነገር ነው። ያስተሰርያል በዛ ዓመት በፍላሽ ቢወጣ ኖሮ ላምባዲናን ስንቱ ይሰማው ነበር?

የአቡጊዳ ልጅ፦
ጋሼ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እርስዎ በእጅዎ የሸጡት ስለሆነ አልከራከርዎትም። ግን ታዲያ ኢትዮጵያን ምን እንበለው? ሚያዝያ 2009 ሲወጣ ካሴት የሚባል የለም፣ ሁሉም በስልክና በዩቲዩብ ነው፣ ሰው ግን አልበሙን በሙሉ ነው የሰማው። አጼ ቴዎድሮስ አለ፣ ርዕሱ ራሱ ኢትዮጵያ ነው፣ ከዚህ በላይ ከባድ ርዕስ የለም፣ እንዲያም ሆኖ ማር እስከ ጧፍ አልተዋጠም፣ እንዲያውም ሰርጉ ቤት ካፌው ሁሉ እሱ ሆነ። የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ ያላነበበ ልጅ ሰብለወንጌልና በዛብህን የለመደው በዛ ዘፈን ነው። በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣውም ያ አልበም ነው፣ ነሐሴ ላይ ሂልተን የተዘጋጀውን የምርቃት ፕሮግራም ፖሊስ ሲያስቆመው እንኳን የሰዉ ጆሮ አልተነካም። ስለዚህ አሰማማችን ብቻ አይደለም፣ አልበም ሲሠራ ዘፈኖቹ እኩል ጉልበት ይኑራቸው አይኑራቸው የሚለው ነገር አለ። ቦንቱ አንቺ እዛው አልበም ላይ ያለውን አና ኛቱን ሰምተሽዋል?

ቦንቱ፦
ሰምቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን በኦሮምኛ ስለጠራኝ ብቻ ታረቅሁ አልልም። እኔ ደረጃ አውጪ ካላችሁኝ ያስተሰርያልን ነው የማስቀድመው፣ ባንተ ምክንያት ግን አይደለም። እዛ ዘፈን ላይ ማንም ከበደል ነፃ ሆኖ አልቀረበም፣ የንጉሡም ዘመን የደርግም ዘመን ከዛ በኋላ የመጣውም ተነስቷል፣ ሁሉም ይቅርታ እንዲጠይቅና እንዲጠየቅ ነው የሚለው። አባቴ ያንን ሲሰማ አልወጣም፣ ቁጭ ብሎ ሰምቶታል። ጥቁር ሰው ላይ ያጣሁት እሱን ነው።

ኪያ፦
እኔ ከሁላችሁም ትንሽ ስለሆንኩ ይሆናል ግን ለምን አልበም አልበም ትላላችሁ? ደሞ በዓባይን በ2012 ሰማን፣ ከዛ አርማሽን፣ ናዕትን በ2014፣ ሁሉም ነጠላ ናቸው፣ ሁሉም የወጡበት ሰዓት ላይ ሰዉን አስለቅሰዋል። ናዕት የወጣ ጊዜ ሰው በየቀኑ እየሞተ ነበር፣ አልበም እስኪያልቅ ቢጠብቅ ኖሮ ማን ይናገርልን ነበር?

የአቡጊዳ ልጅ፦
ኪያ ናዕትን አልነካብህም፣ በሰዓቱ መውጣት ነበረበት ወጣ። እኔ የምለው ነጠላ ዜማ ብቻ ስትሰማ ቴዲን ለቅሶና ባንዲራ ብቻ አድርገህ ነው የምትይዘው፣ ያ ደግሞ ግማሹ ነው። ሰውዬው እኮ በመጀመሪያ ደረጃ የፍቅር ዘፋኝ ነው! አቡጊዳን ሂድና ስማው፣ ቅንብሩ ላይ ኪቦርድ ይበዛበታል፣ ድምፁ ገና ልጅ ነው፣ ግን ያ ልጅ ስለ ንጉሥ ሲዘፍንም ስለ ሴት ሲዘፍንም እኩል ልቡ አለበት። ነጠላ ላይ ያ ሁለቱ ጎን ለጎን አይገናኙም። ናዕትን አንድ የፍቅር ዘፈን አስቀድሞ ቢመጣብህ፣ ደስ ብሎህ እያለ ድንገት ቢደርስብህ፣ ከዚህ በላይ ይሰብርህ ነበር።

ሳሚ ከዲሲ፦
የቦንቱ አባት ነገር ከበደኝ፣ እሱን አልመልስም። ጥቁር ሰው መጨረሻ ነው የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ቅድም ስትከራከሩ ሙሉውን ከፍቼ ነበር የምሰማው፣ ስለ ፍቅር ላይ ክራሩንና ድምፁን አንድ ላይ ስማና ከላምባዲና ጋር አወዳድረህ መልስልኝ፣ ስለ ዓድዋ ሳይሆን ስለ ዜማው።

የአቡጊዳ ልጅ፦
እሺ፣ በዜማ ከሆነ እንሂድ። ላምባዲና ላይ አዝማቹ ሲመለስ ድምፁን ከፍ አያደርገውም፣ እየለመነ ነው የሚመልሰው፣ ስለ ፍቅር ላይ ደግሞ ይሰብካል። ስብከቱ ያምራል፣ እኔ ግን ልመናውን እመርጣለሁ። ሸመንደፈር ላይም ያው ነው፣ እሱንም ጨምረህ ስማው።