«ቀልተህ መጣህ!» ግሊቬክ፣ ያበጠ ዓይንና የባሕር ዳር ሚዛን

ከዴንቨር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ ነኝ፤ እማዬ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ናት። ሲኤምኤል የሚሉት የደም ካንሰር ተገኝቶባት ግሊቬክ የሚባለውን ክኒን ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። ትናንት በቪዲዮ ሳያት ክው አልኩ። ዓይኗ አብጦ ሊከደን ምንም አልቀረውም። ጎረቤቱ ሁሉ «መድኃኒቱ ኩላሊቷን ነክቷል፣ አቁማው ጠበል ትግባ» እያለ ነው። ከዚህ ሌላ ክኒን ገዝቼ በሰው ልላክላት ይሆን? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከፍራንክፈርት፣ ለጊዜው ከባሕር ዳር፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህን ክኒን መዋጥ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለእረፍት መጥቼ ይኸው ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

የዓይኗን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠዋት ስነሳ ለቅሶ ቤት ያደርኩ ነበር የምመስለው። ከሰዓት በኋላ ጎደል ይላል። ግሊቬክ፣ ማለትም ኢማቲኒብ፣ በዓይን ዙሪያና በእግር ላይ ውሃ ይቋጥራል። ከታወቁት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። እብጠት ስላለ ብቻ ኩላሊት ተነካ ማለት አይደለም፤ እሱን የሚለየው ምርመራ ነው። ሌሊት ባት ጨምድዶ የሚይዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ሽፍታም አለ።

ለምን መሰለሽ? ካይኔዝ የሚባሉት በሴል ውስጥ «ተባዛ፣ እደግ» እያሉ ትእዛዝ የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ናቸው። የእናትሽን በሽታ የሚነዳው ቢሲአር-ኤብል የሚባለው፣ መቆሚያ ያጣው ነው። ክኒኑ እሱን ይዘጋል። ታዲያ ዘመዶቹንም አብሮ ይነካል፤ ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ላጫውትሽ። ባሕር ዳር በገባሁ ማግስት አክስቴ አገጬን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝና «ቀልተህ መጣህ! የፈረንጅ አገር አየር ተስማምቶሃል» አለች። ጎረቤት ተጠርቶ ታየሁ። አየሩ አይደለም፣ ክኒኑ ነው። ኪት የሚባለው ሌላው ካይኔዝ የቆዳ ቀለም በሚሠሩት ሴሎች ውስጥ ሥራ አለው። እሱ ሲዘጋ ቆዳ ይፈካል። እንደኛ ጠየም ባለ ሰው ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። አያምም። አክስቴን አላረምኳትም፤ ደስታዋን ለምን ልንጠቅ?

የሚያስፈራውን ደግሞ ልንገርሽ። ክብደት በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት ከጨመረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ከፈሰሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ቤት ነው። ክብደቱን ለማወቅ ብዙ አታስቢ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ታስታውሻለሽ አይደል? በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንዱ ልጅ ሚዛን፣ ጫማ አውልቀው ይመዘኑና ቁጥሩን ይጻፉት። የደም ቆጠራና የጉበት ምርመራ ግን አይቅር። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ቶሎ ነው የሚታየው። የጉበት ቢ ቫይረስ ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነም ጠይቂ፤ ተደብቆ የኖረው ቫይረስ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊቀሰቀስ ይችላል።

ጾምን በራሴ ተምሬያለሁ። ፍልሰታ ላይ ነበር የመጣሁት። ዘጌ ልሳለም ብዬ ጠዋት ባዶ ሆዴን ክኒኔን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩና ጀልባ ላይ ወጣሁ። መሀል ሐይቅ ስንደርስ ማዕበሉም ክኒኑም ተባበሩብኝ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወዲያ ሸሹ፤ አልፈርድባቸውም። ግሊቬክ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚወሰደው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቀው ሰዓቱን ወደ መፍቻው፣ ከእህል ጋር ያዙሩት። ካስመለሳቸው ደርበው አይዋጡ፤ ቀጣዩን በሰዓቱ።

ማቆሙን ግን እርሺው። በሽታው መልሶ የሚያንሰራራው ያኔ ነው። ለዓመታት ጥሩ ውጤት ያላቸውን ሰዎች ሐኪም በክትትል የሚያስቆምበት ጊዜ አለ፤ በአምስተኛው ወር በጎረቤት ምክር አይደለም። ጠበሉና ክኒኑ አይጣሉም። ይጠመቁም፣ ይዋጡም።

ከዚያ መላክም ይቅርብሽ። ባለ 100 እና ባለ 400 ሚሊግራም ክኒን አለ፤ በሻንጣ ሲመጣ አንዱ በሌላው በስህተት ሊተካ ይችላል። ደግሞ ጥቁር አንበሳ ግሊቬክ በነፃ የሚሰጥበት ፕሮግራም ዓመታትን አስቆጥሯል። ክትትላቸው የት እንደሆነ አጣሪ። መንገዱ እንደምታውቂው ነውና ይልቅ ለአውሮፕላን ቲኬት ላኪ፤ ክኒኑ ከማለቁ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይነሱ።

የቲቢውን ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ ክኒኖችን፣ አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶችን ከግሊቬክ ጋር ሐኪም ሳያውቅ እንዳይቀላቅሉ። ፋርማሲ ሲገቡ «ግሊቬክ እወስዳለሁ» ይበሉ። ስፕሪሱን ይጠጡ፤ ግሬፕፍሩት ግን አይግባበት።

ከቶሮንቶ፦

ወንድማችን ያለው ልክ ነው። አንድ ልጨምር፤ እኔ ኒሎቲኒብ በሚባለው ሌላ የዚሁ በሽታ ክኒን ላይ ነኝ። የእኔ ተቃራኒው ነው። በባዶ ሆድ ነው የምወስደው፤ ከመዋጤ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ከዋጥኩ በኋላም አንድ ሰዓት አልበላም። የልብ ምትም ያዛባል። ስለዚህ ጣና ዳር ወባ ቢይዘኝ ኮአርተምን ራሴ ገዝቼ አልውጥም፤ እሱም ልብ ላይ ጠባይ አለው። ዳሳቲኒብ በሚባለው ሦስተኛ ክኒን ላይ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮባት ነበር። እህቴ፣ «ሁሉም ያው የካንሰር ክኒን ነው» የሚልሽን አትስሚ።

ከዴንቨር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩላት። ለካ ክኒኑን የምትውጠው ጠዋት በቡና ነው፣ ምንም ሳትቀምስ! «ቡናውስ ምግብ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ማክሰኞ ለደም ምርመራ ትሄዳለች። የሚዛኑን ነገር ስነግራት ሳቀች። ማታ መልሳ ደወለችና ልጁን ከነሚዛኑ ግቢ አስገብታ ጎረቤቱን ሁሉ አስመዘነች። የእሷን ግን በቪዲዮ አላሳየችኝም፤ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ።