«ግብታዊ» ስድብ ነው ወይ?

የጣርማበሩ፦ ባለፈው ሳምንት ጭጋጉ ወርዶ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። የሰፈሩ ሰው ሾፌሩን አውጥቶ በቃሬዛ ደብረ ሲና አደረሰው። እኔም እዚሁ ገጻችን ላይ «የሕዝቡ ግብታዊ ርብርብ ያኮራል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ስልኬ አላረፈም። «ደርሰን ባዳንን ችኩል አደረግኸን!» ይሉኛል። እስቲ ፍረዱኝ፣ ቃሉ ስድብ ነው?

የመሐል ሜዳው፦ ነው እንጂ! «ግብታዊ ውሳኔ» ሲባል ሰምቶ ደስ ያለው ማን አለ? አለቃዬ በግምገማ ላይ «ግብታዊ ነህ» ካለኝ እድገቴን እርሳው ማለቱ ነው።

የአንኮበሩ፦ ቃሉ ምን በደለ? በግዕዝ «ግብተ» ማለት በድንገት ማለት ነው፤ በቃ። ችኮላም ጥፋትም ውስጡ የለም።

ጋሼ ከደብረ ብርሃን፦ ያበላሸነው እኛ ነን ልጆቼ፣ የ66ቱ አብዮት ሰዎች። ሌኒን ንቃትና ድርጅት የሌለውን እንቅስቃሴ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው፤ እኛም ያንን «ግብታዊ» እያልን ስንጽፍና ስንጨቃጨቅ ከረምን። ጥር 4 ቀን 1966 የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ምክንያት አመፁ፣ ሊያነጋግራቸው የሄደውንም ጄኔራል ያዙት። የካቲት 11 መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራቱ ጠቅላላ አድማ ሆነ። ይህን ሁሉ የጠራ አንድ ፓርቲ አልነበረም። «አብዮቱ ግብታዊ ነው» ስንል ባለቤት የለውም ማለታችን ነው። ባለቤት ያጣውን ነገር ደርግ አነሣው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረደ። ቃሉም ከዚያ ወዲህ የጎደሎ ስም ሆኖ ቀረ።

የጣርማበሩ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህራኑ ማኅበር ነበራቸው፤ ሴክተር ሪቪው የሚባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ነው የወጡት። ባለታክሲዎቹም የቤንዚን ዋጋ ነው ያስነሣቸው። ይሄ እንዴት ግብታዊ ይባላል?

ጋሼ ከደብረ ብርሃን፦ ያዝከኝ። እያንዳንዱ ለየራሱ ተመካክሮበታል። ያልተመከረበት መገጣጠሙ ነው።

የደብረ ሲናዋ፦ እናንተ አብዮት ውስጥ ቀራችሁ፣ ሾፌሩን ረሳችሁት። በእኛ አገር እሪታ ተሰምቶ የሚቀመጥ ሰው አለ? ነገ እሱ ቤት ሲጮህ ማን ይደርስለታል! ቃሬዛውስ ከሰማይ ወረደ? ዕድሩ አሠርቶ ያስቀመጠው ነው። ሰዉ ሳያስብ አልሮጠም፣ አስቦ የጨረሰው ድሮ ነው። እኔ «ግብታዊ»ን የምጠላው ስድብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ውሸትም ስለሆነ ነው።

የአንኮበሩ፦ እታለም፣ ይህ እኮ የቅኔ ቤት ነገር ነው። እኔ የቻልኩትን ያህል ቆይቼበታለሁ (ብዙም አልቻልኩም)። ቀን ቀን ቅኔ ልናስብ ወደ ዱር እንወጣለን፣ «ቆጠራ» ይባላል፤ ለጉባኤ ቃና፣ ለሁለት ቤት (ለሁለት ስንኝ) ቅኔ ፀሐይ ትዘቀዝቅብናለች። ማታ ለየኔታ እንነግራለን፣ እሳቸው ያርማሉ፣ አንዳንዴም ከሁለቱ አንዱ ቤት ብቻ ይተርፋል። የኔታ ግን በበዓል ቀን ቆመው ስምንት ቤት መወድስ ብራና ሳይነኩ ያወርዱታል። ሕዝቡ አሁን የተወለደ ይመስለዋል፤ አዎ፣ አሁን ነው የተወለደው፣ የተረገዘው ግን ስንት ዓመት ነው! እንዲህ ቆሞ ቅኔ የማውረዱ ስምስ ምንድን ነው? ዘረፋ! የሌባ ሥራ ስም የሊቅ ምስጋና ከሆነ «ግብታዊ»ም ይድናል።

የመሐል ሜዳው፦ ዘረፋ የሚከበረው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነው። ገበያ ላይ «ዘራፊ» በለኝና የሚሆነውን ታያለህ።

የጣርማበሩ፦ እሺ፣ ምን ልበል? «በራስ ተነሳሽነት» ልበለው?

የደብረ ሲናዋ፦ እሱማ የወረዳ ሪፖርት ነው። የቡና ሽታ የለውም።

የመሐል ሜዳው፦ «ድንገቴ»?

የአንኮበሩ፦ የፈተና ስም አስመሰልከው።

የደብረ ሲናዋ፦ «እሪታ ሰምቶ የደረሰው ሕዝብ» በለውና ገላግለን።

የጣርማበሩ፦ አስተካክያለሁ። ሾፌሩም ትናንት ቤቱ ገብቷል።

ጋሼ ከደብረ ብርሃን፦ እግዜር ይማረው። እኔ ግን ለ66ቱ «ግብታዊ»ን አልለቅም፤ የእናንተ ቃል ለዚያ አይሆንም። ያን ጊዜ ዕድርም ቃሬዛም አልነበረንም።