ኦቨርሊፍ ላይ የግዕዝ ፎንት እንዴት ይጫናል? ፒዲኤፉ ላይ ፊደሉ ባዶ ሆነብኝ

የማራኪዋ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌን በኦቨርሊፍ፣ ማለትም በላቴክ ኮድ ተጽፎ ፒዲኤፍ በሚወጣበት ድረ ገጽ፣ እየሠራሁ ነው። ስለ ድጓ የዜማ ምልክቶች ነው፤ ሐተታው በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌው ሁሉ በግዕዝ። ኮዱ ላይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ ፒዲኤፉ ላይ ግን ስህተት ይደረድርና ቦታው ባዶ ይቀራል። ላፕቶፔ ላይ ኒያላም አቢሲኒካም የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች አሉ፣ ታዲያ ለምን አያገኛቸውም? ሌላም አለ። እዚሁ ጎንደር አንድ የድጓ መምህር ድሮ በኮምፒውተር ያስጻፉትን ፋይል ሰጥተውኛል፤ ስከፍተው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመጣው። ረቂቁን ከጥምቀት በፊት ማስረከብ አለብኝ። እባካችሁ ተባበሩኝ።

ከአዘዞ፦
እህቴ፣ ላፕቶፕሽ ላይ መጫኑ እዚህ አይጠቅምም። ጽሑፉን ፒዲኤፍ የሚያደርገው የእነሱ ሰርቨር ነው፣ ያንቺን ማሽን አያየውም። ፎንቱን ከጽሑፉ ጋር ማስገባት አለብሽ። ፕሮጀክትሽ ውስጥ ፎንትስ የሚል ፎልደር ክፈቺና የአቢሲኒካን ቲቲኤፍ ፋይል እዚያ ጫኚ። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ኮምፓይለር የሚለውን፣ ኮዱን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን ማለቴ ነው፣ ከፒዲኤፍላቴክ ወደ ዚላቴክ ቀይሪው። ይሄን ካልቀየርሽ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ኢንፑትኤንክ እና ፎንትኤንክ የሚሉትን መስመሮች አውጪና ፎንት የሚያስመርጠውን ፎንትስፔክ የሚባለውን ፓኬጅ አስገቢ። ዋናው ጽሑፍሽ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለግዕዙ በኒውፎንትፋሚሊ የራሱን ትእዛዝ ስሪለት፣ ግዕዝ ባለበት ቦታ ሁሉ እሱን ጥሪው፤ ካልጠራሽው ዝም ብሎ ባዶ ይተውልሻል። የፋይሉን ስም ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል ሳታዛንፊ ጻፊ። የፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን እዝባር (/) እንዳትረሺ፣ እኔ በእሷ የተነሣ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አድሬአለሁ።

ኒያላን ተዪው። የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፣ ለሌላ የምታጋሪው ፕሮጀክት ውስጥ ባይገባ ይሻላል። አቢሲኒካም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም በነፃ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ለርዕስ ደማቅ ከፈለግሽ የኖቶን ደማቅ ፋይል ለብቻው ጫኚ። ኢታሊክ ግን ለፊደላችን አትሞክሪ፣ አያምርበትም።

ፒያሳ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፦
ልጄ፣ የመምህሩ ፋይል አልተበላሸም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መለኪያ ማለቴ ነው፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እነ ፓወር ግዕዝ እና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት የድሮ መጻፊያዎች ፊደሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታይሽ ሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ዎርድ ላይ እዪ፣ ከዚያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙሪው። እንዲሁ ኮፒ አድርገሽ እንዳትለጥፊ። ካዞርሽው በኋላ ደግሞ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብለሽ ፊደል በፊደል አመሳክሪ፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ የተለዋወጡበት ድጓ ለሊቃውንቱ ድጓ አይደለም።

የማራኪዋ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ፊደሉ ወጣልኝ! ጮቤ ረገጥኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ይዘት እና ደረት የሚባሉት የዜማ ምልክቶች ከፊደሉ በላይ መሆን ሲገባቸው ጎኑ ላይ ቁጭ ይላሉ። ብራናው ላይ እኮ ከላይ ናቸው።

ከአዘዞ፦
ፎንቱ አይደለም ጥፋቱ። አሥሩ የዜማ ምልክቶች በ2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ፣ በዩኒኮድ መለያ ቁጥር ከ1390 እስከ 1399 ያሉት ማለቴ ነው፣ ራሳቸውን ችለው እንዲቆሙ ተደርገው ነው የገቡት። ስለዚህ ከፊደል ላይ አይወጡም። ሾርትስታክ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሚ፣ ምልክቱ ከላይ ፊደሉ ከታች። ምልክቱን ትንሽ አሳንሺው፣ አለበለዚያ መስመሩን ይገፋዋል። ለእያንዳንዱ እየደጋገምሽ አትጻፊ፣ አንዴ አጭር ትእዛዝ ሥሪለት።

የማራኪዋ ተማሪ፦
ሠራ። ይዘቷ ልክ እንደ ብራናው ከፊደሉ አናት ላይ ተቀመጠች። አንዱን ገጽ አትሜዋለሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለመምህሩ አሳያቸዋለሁ።