ትራማዶል ሳልወስድ የጥርስ ቀዶ ሕክምናን ሕመም እንዴት ልቻለው?

ጥያቄ፦
ትናንት ከቀትር በኋላ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ ከታች በስተግራ ያለውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴን ድዱ ተከፍቶ አስነቀልሁ፤ ሁለት ስፌትም አለው። ማደንዘዣው ገና አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ስለለቀቀኝ ሌሊቱን ጉንጬን ይዤ ተቀምጬ አነጋሁ። የታዘዘልኝ ትራማዶል ነው፤ ነገር ግን ወንድሜ ለወገቡ ሕመም ጀምሮት ለማቆም ምን ያህል እንደተቸገረ በዓይኔ ስላየሁ ወረቀቱን ይዤ ፋርማሲ ለመግባት አመነታሁ። ሌላ አማራጭ አለ? ጾመኛ ነኝ፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም።

መልስ፣ ከፋርማሲ ባለሙያ፦
ስጋትዎ መሠረት አለው፤ ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት፣ ሱስ ሊያስይዙ ከሚችሉ የሕመም ማስታገሻዎች ወገን ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው መመሪያም ለእንዲህ ያለው ሕመም የሚያስቀድመው እንደ አይቡፕሮፌን ያሉትን፣ ብቻቸውን ወይም ከፓራሲታሞል ጋር ነው። አይቡፕሮፌን ሕመሙን የሚያባብሰውን የቁስሉን ብግነት ይቀንሳል፤ ፓራሲታሞል ደግሞ በሌላ መንገድ ስለሚሠራ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ለጤነኛ አዋቂ የተለመደው 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌንና 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በአንድነት በየ6 ሰዓቱ ነው፤ ጧት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ብለው ይያዙት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሕመሙ እስኪነሣ አይጠብቁ። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው የቀኑ ድምር ከ4000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ካለብዎ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይቡፕሮፌን አይጀምሩ።

መልስ፣ ከአንዲት እናት፦
ልጄ፣ አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል። እኔ ጥርሴን ባስነቀልሁ ጊዜ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ስለፈቀዱልኝ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት እየቀመስሁ ወሰድሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዘህ በፎጣ ጠቅልለህ ጉንጭህ ላይ 20 ደቂቃ ያዝ፣ 20 ደቂቃ አሳርፍ። ቅርንፉድ ቁስሉ ውስጥ እንዳትከት፤ እኔ ሞክሬ ድዴን አቃጥዬዋለሁ።

መልስ፣ ከጥርስ ሐኪም፦
ቁስሉን ከጉዳት የሚጠብቅልዎ ጥርሱ የተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ነው። ስለዚህ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይጉመጥመጡ፣ በስትሮ አይጠጡ፣ ሲጋራም አያጭሱ፤ ከዚያ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። ሕመሙ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንደመቀነስ ብሶ ወደ ጆሮ ከወጣና አፍዎ ከሸተተ ደሙ ለቆ ጉድጓዱ ደርቋል ማለት ነውና ወደ ክሊኒኩ ይመለሱ፤ የሚያስፈልገው ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ማኖር እንጂ የበረታ ክኒን አይደለም። ትኩሳት ወይም መዋጥ የሚከለክል እብጠት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጠያቂው፦
ጨጓራም ሆነ ሌላ የጠቀሳችሁት ሕመም የለብኝም። ክሊኒኩ ደውዬ ሐኪሙ ማዘዣውን ለወጠልኝ፤ የቀን 6 ሰዓቱን ከአጥሚት ጋር ወስጄ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ቻልሁ። የማታውን ለማስታወስ የስልኬን ደወል ሞልቻለሁ።