እማዬ ከርከዴና ሺፈራው እየጠጣች ግፊቷ 92/56 ወረደ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እማዬ ለግፊት ይበጃል ተብላ ሰሞኑን ከርከዴና የሺፈራው ቅጠል እያፈላች ትጠጣለች። አሁን ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗ ጨለመባት፣ ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስለካት 92/56 አለ። ጨው በጥብጬ ልስጣት?

የፍራንኮ ልጅ፦ ነጭ ሽንኩርት በማር ስጣት፣ ለግፊት ፍቱን ነው።

ቡና በጨው፦ ልጁ ወረደ እያለ የሚያወርድ ታዝለታለህ? ጎበዝ!

ነርስ፦ ጨው ተው። በጀርባ አስተኛት፣ እግሯን በትራስ ከፍ አድርግ። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ስጣት። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባት ግን በብዛት አታጠጣት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም ጻፍ እንጂ፣ ያለዚያ ሁላችንም እየገመትን ነው።

መለኪያው፦ መጀመሪያ ቁጥሩ እውነት ነው? የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ከልብ ከፍታ በላይ ከተያዘ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ለክንዷ በጣም የሰፋ መጠቅለያም እንደዚያው። ክንዷን በልቧ ትክክል አሳርፈህ ድገመው።

ዕፅዋት አዋቂ፦ «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚል አስተሳሰብ ነው ችግሩ። ሬዘርፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት በ1952 ከሕንድ ራውቮልፊያ ሥር የተገኘ ነው፤ ሚሊግራም እንኳ በማይሞላ መጠን ነበር የሚታዘዘው። ከርከዴን ቀይ የሚያደርጉት አንቶሲያኒኖችም ኤሲኢ የተባለውን፣ የደም ሥር እንዲጠብ የሚያደርገውን ኤንዛይም ይገታሉ፤ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት ኪኒን የሚዘጋው ያንኑ ነው። በ2010 በታተመ ጥናት በቀን 3 ኩባያ (እያንዳንዱ 240 ሚሊ ሊትር) ለ6 ሳምንት የጠጡ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 7 ያህል ቀንሷል። ኪኒን ላይ ሲደረብ ያስቡት። ድስት ሙሉ ፈልቶ ሲጠጣማ መጠኑን ማን ያውቀዋል?

ቡና በጨው፦ ሌክቸሩ ለፈተና ይመጣል?

ፋርማሲስት፦ ላብና መንቀጥቀጡ ግፊት ብቻ አይመስለኝም። ስኳር አለባት? ሺፈራው በእንስሳት ሙከራ ግፊትንም ስኳርንም ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል።

ጠያቂ፦ አዎ የስኳር ኪኒንም አላት፣ ግሊበንክላማይድ። ጠዋት ውጣለች፣ ቁርስ ግን አልበላችም። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። የስኳር መለኪያ ከጎረቤት ላመጣ ነው።

ፋርማሲስት፦ እስኪመጣ አትጠብቅ! 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠህ አሁኑኑ አጠጣት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ድገመው። ሲስተካከል ዳቦ ወይም ገንፎ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትሰጣት፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ቢሻላትም ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዳት፤ ግሊበንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። የሚቀጥለውን የስኳርና የግፊት ኪኒን ከመስጠትህ በፊት እዚያ ጠይቅ።

ነርስ፦ ልክ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱም ውሃና ጨው በሽንት ያስወጣል፤ በአዳማ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ብድግ ስትል ዓይኗ ቢጨልም አይገርምም። ሲሻላት ተኝታ ለካት፣ አቁመህ ደግሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ቁጥሩን ጽፈህ ለሐኪሙ አሳየው። አንደበቷ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎኗ ከዛለ ይህን ሁሉ ተውና ሩጥ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ነጭ ሽንኩርቱስ?

ዕፅዋት አዋቂ፦ ወጥ ውስጥ ሲበላ ችግር የለውም። አሊሲን የተባለው ዋና ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው ጥሬው ሲፈጨ ነው፤ ወዲያው እሳት ላይ ከጣልከው ብዙም አይገኝ። ደም እንዳይረጋ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን በየቀኑ ጥሬውን አብዝቶ ቢውጥ ደም የመፍሰስ አደጋው ይጨምራል።

ሌላ አባል፦ ከርከዴ ጨርሶ ይቅር ነው የምትሉት? እኔም ቤት አለ።

ፋርማሲስት፦ ኪኒን ከሌለ አንድ ኩባያ ብዙም አያሳስብም። እዚህ ቤት ግን ከርከዴውም ሺፈራውም ዛሬ ይቁሙ። ኪኒኖቹንም የቅጠሉንም ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንት ማንኪያ በስንት ውሃ ታፈላ እንደነበር ንገሯቸው።

ቡና በጨው፦ ጠያቂው፣ ስኳሩ ስንት አለ?