ናይትረስ ኦክሳይድ ሕመም እንደሚያስታግስ ከታወቀ በኋላ ቀዶ ጥገና ለምን 46 ዓመት ጠበቀ?

ጠያቂ፦
እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ናይትረስ ኦክሳይድን ራሱ እየሳበ ከመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ጋዙ ሕመምን የሚያጠፋ ስለሚመስል ብዙ ደም በማይፈስባቸው ቀዶ ጥገናዎች ሊጠቅም እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ይሁንና እስከ 1846 ድረስ ታካሚው በረዳቶች ተይዞ፣ ነቅቶ እየጮኸ ሲቆረጥ ኖሯል። በዚያ መካከል ጋዙም፣ ኤተር የሚባለው በቀላሉ የሚተን ፈሳሽም ለመዝናኛ ይሳቡ ነበር። ሐኪሞቹ ለሰው ሥቃይ ግድ አልነበራቸውም የሚለው ማብራሪያ አላጠገበኝም፤ ሌላ ምክንያት የሚያውቅ አለ?

የታሪክ አንባቢ፦
ግድ አልነበራቸውም ማለት በእርግጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥቃዩን ለማሳጠር የነበራቸው ዘዴ ፍጥነት ነበር፤ የለንደኑ ሮበርት ሊስተን ዝናውን ያተረፈው እግርን በጥቂት ደቂቃ ቆርጦ በመጨረስ ነው። ኦፒየምና መጠጥ ይሰጡ ነበር፤ ነገር ግን ቢላውን እንዳይሰማ እስኪያደርግ ድረስ የተሰጠ ኦፒየም ትንፋሽንም ሊያቆም ይችላል። ሙያው በሙሉ ሕመም ከቢላ አይለይም በሚል እምነት ላይ ቆሞ ስለነበር፣ ታዋቂው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ቬልፖ በ1839 ሕመም የሌለበት ቀዶ ጥገና መመኘት ከንቱ ቅዠት መሆኑን ጽፎ ነበር። የማይቻል ነው ተብሎ የተዘጋን ጥያቄ ደግሞ የሚመረምር ሰው አይበዛም።

የማደንዘዣ ባለሙያ፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ቢሆንም፣ እኔ ዋናውን ምክንያት የማየው በጋዙ በራሱ ላይ ነው። ታካሚው በሕይወት ለመቆየት ኦክስጅን ስለሚያስፈልገው፣ በተለመደው የአየር ግፊት ሊሰጠው የሚችለው ናይትረስ ኦክሳይድ ከ80 በመቶ ብዙም አይዘልም፤ ይህ መጠን ያፈዛል፣ ሕመምም ይቀንሳል፣ ለከባድ ቀዶ ጥገና የሚበቃ እንቅልፍ ግን አያመጣም። የጥርስ ሐኪሙ ሆራስ ዌልስ በጥር 1845 በቦስተን ተመልካቾች ፊት ጥርስ ሲነቅል ታካሚው በመጮኹ አላግጠውበት ተመለሰ፤ እሱ ጋዙ የተሞላበት ከረጢት ቶሎ ተነሥቷል ቢልም፣ ጋዙ በጠባብ ወሰን የሚሠራ መሆኑ አልረዳውም። ኤተር ግን ከአየር ጋር ጥቂት በመቶ ብቻ ሲቀላቀል ያስተኛል፤ ስለዚህ ታካሚው እየተነፈሰ ይቆያል፣ የሚሰጠው ሰው ልምድ ባይኖረውም የመሳሳቻ ቦታ አለው። ጥቅምት 16 ቀን 1846 (እ.ኤ.አ.) ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊሊያም ሞርተን በማሳቹሴትስ አጠቃላይ ሆስፒታል በኤተር የራሰ ስፖንጅ ያለበትን የብርጭቆ ሉል ለወጣቱ ታካሚ አስይዞ ሲያስተኛው፣ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ዋረን ከአንገቱ ላይ እጢ አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሊስተን ራሱ በለንደን በኤተር እግር ቆረጠ። ይህን ያህል በፍጥነት መዛመቱ፣ አስቀድሞ የጎደለው ፈቃደኝነት ሳይሆን የሚሠራ መድኃኒት እንደነበር ያሳያል።

ሦስተኛ ሐሳብ፦
ኬሚስትሪው ብቻውን አያብራራውም እላለሁ። ጃፓናዊው ሐኪም ሃናኦካ ሴይሹ በ1804 ከዕፀዋት የቀመመውን የሚጠጣ መድኃኒት ሰጥቶ የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና አድርጓል፤ ጃፓን ለውጭው ዓለም ዝግ ስለነበረች ወሬው አልወጣም። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛትም ሐኪሙ ክሮፎርድ ሎንግ በ1842 ከአንድ ወጣት አንገት ላይ እጢ በኤተር አውጥቶ፣ ያሳተመው በ1849 ነው። ሞርተን ደግሞ ኤተሩን ቀለም ቀብቶ «ሊቲዮን» በሚል ስም ለመደበቅና የባለቤትነት መብት ለማግኘት ሞክሮ፣ ሽታው አጋለጠው። ዘዴው ሳይታተም በየሰዉ ጓዳ እስከቀረ ድረስ፣ ጥሩ መድኃኒት መኖሩ ለሌላው ሐኪም ምን ይፈይድለታል?

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የማደንዘዣ ባለሙያውን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ናይትረስ ኦክሳይድ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ዛሬም ድረስ ለምን አልተተወም?

የማደንዘዣ ባለሙያ፦
ምክንያቱ ድክመቱ ራሱ የሚጠቅምባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው። ከኦክስጅን ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ በምጥ ጊዜና በጥርስ ሕክምና ሲሰጥ ሰው ሳይተኛ ሕመሙ ይቀልለታል፤ መሳቡን ሲያቆም ደግሞ ስሜቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅቀዋል። በሙሉ ሰመመን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጠንካራ ማደንዘዣ ጋር በረዳትነት እንጂ ብቻውን አይሰጥም።